ሊሊ ለድሬ፣ ሊሊ ለሐረር፦ ለግቢያችሁ የትኛው ይሻላል?

ሊሊ ልትተክሉ ምክር ስትጠይቁ ሰው ቶሎ የሚነግራችሁ ስለ ቀለሙ ነው። ነጩ ያምራል፣ ሮዙ ይሸታል፣ ብርቱካናማው ከሩቅ ይጣራል። እኔ ግን ቀድሜ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። ግቢያችሁ በድሬና በሐረር መካከል ካለው ዳገት፣ ከደንገጎ፣ በላይ ነው ወይስ በታች?

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በዚያች አጭር መንገድ ግን አየሩ በአራትና በአምስት ዲግሪ ይለያያል። እኛ ሹራብ ደርበን ወይ አውልቀን እንለምደዋለን። ለሊሊ ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ሐረር ላይ በደንብ የሚይዝ ዘር ድሬ ላይ አንዴ አብቦ ይቀራል። ድሬ ላይ ብዙ ሳይለፉበት የሚደምቅ ደግሞ አለ፤ ሰው ግን «እሱማ ተራ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ስለዚህ እዚህ የማነጻጽረው ውበት አይደለም። ሁሉም ያምራሉ። የቱ ነው በሦስተኛው ዓመትም ግቢያችሁ ውስጥ ቆሞ የምታገኙት? ጥያቄው ይህ ነው። ከሆላንድ የመጣ ኮረት፣ ማለትም ከአፈር ሥር ያለውን ሽንኩርት መሳይ የሊሊ ክፍል፣ በውድ ገዝቶ በሰኔ ሐሩር ሲቃጠልበት ያየሁት ሰው ብዙ ነው። ያሳዝነኛል። ሰውየው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ለአየሩ የማይሆን ነገር ተሽጦለት ነው።

መጀመሪያ እንተዋወቅ

ሊሊ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ ዓይነት ተክል አይደለም። እውነተኛዎቹ ሊሊየም የሚባለው ወገን ናቸው። ኤስያቲክ፣ ኦሪየንታል፣ የፋሲካ ሊሊ እና ዘመዶቻቸው እዚህ ይገባሉ። ኮረታቸው ከላይ የሚሸፍነው ልጣጭ የለውም። ተደራርበው የተያያዙ ወፍራም ቅርፊቶች ብቻ ነው። ልጣጭ ስለሌለው ቶሎ ይደርቃል። ውሃ ሲበዛበትም ቶሎ ይበሰብሳል። ከዚህ በላይ ደግሞ አብዛኞቹ ከማበባቸው በፊት ለሳምንታት ብርድ ማግኘት አለባቸው።

ሌሎቹ ስሙን ብቻ የተጋሩ ናቸው። አማሪሊስ፣ ክራይነም፣ የዝናብ ሊሊ፣ ዴይሊሊ፣ ካላ፣ አጋፓንተስ። ዝቅ አድርጌ እያየኋቸው እንዳይመስላችሁ። ለእኛ ቆላ ከእውነተኛዎቹ ይልቅ የሚያዋጡት እነሱ ናቸው። አብዛኞቹ የትውልድ አገራቸው አፍሪካ ወይም ደቡብ አሜሪካ ስለሆነ ብርዱን የግድ አይሉም።

ሙቀቱ ብቻ አይደለም፣ ውሃውም ነው

ድሬ የኖረ ሰው ውሃዋን ያውቃታል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ትጥላለች፣ የሻወር ቀዳዳ ትደፍናለች። ያ ነጭ ነገር ኖራ ነው። ውሃው ከከርሰ ምድር ሲወጣ ከኖራ ድንጋዩ አሟሙቶ ይዞት ይመጣል።

ኦሪየንታል ሊሊ ደግሞ ኖራ አይወድም። ያ ትልቁ፣ ሽታው ቤቱን የሚሞላው፣ ስታርጌዘርን የመሰለው ዓይነት ማለቴ ነው። የሚስማማው ለስለስ ያለ አሲዳማ አፈር ነው። ኖራ በበዛበት አፈር ውስጥ ብረት ቢኖርም ሥሩ ሊወስደው አይችልም። ምልክቱ ቅጠሉ ላይ ይታያል። ከላይ የወጣው አዲሱ ቅጠል ቢጫ ይሆንና የቅጠሉ ደም ሥር ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት በአረንጓዴ ብዕር መስመር የተሠመረበት ይመስላል። ሰው ይህን ሲያይ ውሃ ያነሰው መስሎት ይጨምርለታል። የሚጨምረው ውሃ ራሱ ኖራ አለበት። ችግሩ እየባሰ ይሄዳል።

መፍትሔው የዝናብ ውሃ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከጣሪያ የሚወርደውን በርሜል ወይም ሮቶ ውስጥ ማጠራቀም ይቻላል። ግን ያ ውሃ ለሁለት ለሦስት ሳክሲያ አበባ ይበቃል እንጂ ለግቢ ሙሉ አይሆንም። ለዚህ ነው ድሬ ላይ ኦሪየንታል አትጀምሩ የምለው።

አንዳንዱ ማዶና ሊሊ ኖራ እንደሚወድ ሰምቶ «ታዲያ ለድሬ እሱ አይሆንም?» ይላል። አይሆንም። ኖራውን ቢወደውም የወራት ብርድ የለመደ የሜዲትራኒያን አካባቢ ተክል ነው። ብርዱን ከየት እናመጣለታለን?

ድሬ ላይ ከሆናችሁ አማሪሊስን አስቀድሙ

አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ለድሬ አማሪሊስን እመርጣለሁ። ዘሩ የደቡብ አሜሪካ ነው። ኮረቱ ጡጫ ያክላል። ምግቡንም ውሃውንም እዚያ ውስጥ ያጠራቅማል። ስለዚህ የቧንቧ ውሃ ለቀናት ቢጠፋ አይሞትባችሁም። ይህ ለድሬ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

አተካከሉ ከእውነተኛው ሊሊ ተቃራኒ ነው። እውነተኛውን ሊሊ ጠለቅ አድርጋችሁ ትቀብሩታላችሁ። አማሪሊስን ግን አንገቱንና የላይኛውን ሲሶ ከአፈር በላይ ትተዉታላችሁ። ሙሉ በሙሉ ከቀበራችሁት አንገቱ ላይ ውሃ ይቋጥርና ይበሰብሳል። ሳክሲያው ሰፊ መሆን የለበትም። በኮረቱና በጠርዙ መካከል ሁለት ጣት ካስገባ ይበቃል። ጠበብ ሲልለት ቶሎ ያብባል።

የሚወደው ደግሞ የዕረፍት ጊዜ ነው። ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት ውሃ ሳታዩት ተዉት። እዚህ ላይ የድሬ ሰማይ ራሱ ያግዛችኋል። ከጥቅምት በኋላ ዝናቡ ይቀራል። ከኅዳር መጀመሪያ ጀምራችሁ ማጠጣቱን አቁሙ። ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ባይረግፍም ግዴለም። ጥር አጋማሽ ላይ ማጠጣት ስትጀምሩ ከአንገቱ አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ይላል። ያን ጫፍ ልብ ብላችሁ እዩት። ጠፍጣፋና ስስ ከሆነ ቅጠል ነው። ወፈር ብሎ ጫፉ ሾል ያለ፣ ሁለት እጅ ገጥሞ የተዘጋ የሚመስል ከሆነ የአበባው እምቡጥ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድገት በዓይን ይታያል። ጠዋት ያያችሁት አገዳ ማታ ረዝሞ ታገኙታላችሁ። ማጠጣት ከጀመራችሁ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ፣ መጋቢት ገደማ፣ ያብባል። ጥሩ ኮረት ሁለት አገዳ ያወጣል። እያንዳንዱ አገዳም አራት ያህል ትልልቅ አበባ ይይዛል።

ጉድለቱ የአበባው ጊዜ አጭር መሆኑ ነው። በዓመት ሁለት ሦስት ሳምንት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቅጠል ብቻ ነው የምታዩት። ሽታም የለውም ማለት ይቻላል። ሽታ የምትፈልጉ ከሆነ ወደ ክራይነም ኑ።

ክራይነም፣ ዴይሊሊ እና የዝናብ ሊሊ

ክራይነም የአፍሪካ ልጅ ነው። በአገራችንም ዝናብ ሲጥል በሜዳ የሚበቅሉ ዓይነቶች አሉት። ኮረቱ ከአማሪሊስ ይገዝፋል፤ ቅጠሉም ረጅምና የተንዘረፈፈ ነው። ሙቀት ይችላል፣ የኖራ ውሃ ይችላል፣ ችላ መባልንም ይችላል። ብዙዎቹ ዓይነቶች አመሻሽ ላይ ደስ የሚል ሽታ ይሰጣሉ። ድሬ ላይ ሰው ወደ ደጅ የሚወጣው አመሻሽ ላይ ስለሆነ ይህ ጥቅሙ አይናቅም።

ችግሩ ቦታ መፈለጉ ነው። እንደ ከዚራና ሳቢያን ባሉ የድሬ ሰፈሮች ሰፋ ያለ ግቢ ላለው ሰው በጣም ጥሩ ነው። መጋላ ውስጥ ጠበብ ያለ ግቢ ያለው ግን ቅጠሉ መተላለፊያ ይዘጋበታል። ሌላው ደግሞ መነቀልና መዛወር አይወድም። ካዛወራችሁት አኩርፎ አንድ ሁለት ዓመት ሳያብብ ሊቆይ ይችላል። ቦታውን አንዴ በደንብ አስባችሁ ትከሉት።

ዴይሊሊ ከአማሪሊስ ጋር ሲወዳደር ጠባዩ ሌላ ነው። አንዱ አበባ ጠዋት ተከፍቶ ማታ ይጠወልጋል። ግን አንዱ አገዳ ብዙ እምቡጥ ስለሚይዝ በማግስቱ ሌላው ይተካል። አንድ እቅፍ የሞላ ተክል እንዲህ እየተተካካ ለሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ሁልጊዜ አበባ ማየት ለሚፈልግ ይሻላል። ቆርጦ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ለሚፈልግ ግን አይሆንም። ከአማሪሊስ ይልቅ ውሃ ይፈልጋል፤ ድሬ ላይ ከቀትር በኋላ ጥላ ካላገኘ ቀለሙ ይደበዝዛል። ስትገዙ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይደርቀውን ዓይነት ጠይቁ። ቅጠሉን ጥሎ የሚተኛው ዓይነት ለብርድ አገር ነው።

የዝናብ ሊሊ ትንሽ ነች። ቅጠሏ እንደ ቀጭን ሣር ነው። በደረቁ ወራት መኖሯን ትረሳላችሁ። የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ መጋቢት ላይ ከጣለ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ነጭ፣ ቢጫ ወይም ሮዝ ሆና ትወጣለች። የመንገድ ዳር፣ የደረጃ ሥር፣ የተሰነጠቀች ባልዲ፣ ለእሷ ሁሉም ይሆናል። አበባ ተክሎ ለማያውቅ ሰው ከእሷ የተሻለ መጀመሪያ የለም።

አንድ ነገር ስለ ኒም። ድሬ ላይ ብዙ ግቢ ኒም አለው፤ ሰውም አበባውን ከሥሩ ይተክላል። ጥላው እውነት ነው የሰኔን ሐሩር ያበርዳል። ነገር ግን የዛፉ ሥር የምታጠጡትን ውሃ ቀድሞ ይጠጣዋል። ኒሙ ሥር በሳክሲያ ማስቀመጥ እንጂ መሬት ላይ መትከል አያዋጣም።

ሐረር ላይ ከሆናችሁ እውነተኛው ሊሊ ይቻላል

ሐረር ላይ ነገሩ ይለወጣል። ቀኑ ልከኛ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ብርድ ልብስ ያስፈልገዋል። ግን ልብ በሉ፣ ያ ብርድ ለሰው እንጂ ለኤስያቲክ ሊሊ ብርድ አይደለም። እሱ የሚፈልገው ከ2 እስከ 5 ዲግሪ ነው። ያን ብርድ ሐረር ላይ ፍሪጅ ውስጥ ካልሆነ አታገኙትም።

ከእውነተኛዎቹ መካከል እኔ የማስቀድመው የፋሲካ ሊሊን ነው። ነጭ፣ ረጅም፣ መለከት መሳይ፣ ሽታው ጣፋጭ። የመጣው ከታይዋንና ከደቡብ ጃፓን ደሴቶች ነው። እነዚያ ደሴቶች ሞቃታማ ስለሆኑ ከኤስያቲክና ከኦሪየንታል ይልቅ ሙቀት ይችላል። ብርዱንም ቢሆን የሚፈልገው ኮረቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲያብቡ ነው።

ለበዓል ማድረስ ከፈለጋችሁ ሒሳቡ ቀላል ነው። ብርዱን የጨረሰ ኮረት ከተተከለ በኋላ ለማበብ ከ110 እስከ 120 ቀን ይወስድበታል። የ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። ከዚያ ወደኋላ 115 ቀን ስትቆጥሩ ታኅሣሥ 29 ላይ ታርፋላችሁ። ገና ማለት ነው። ስለዚህ በገና የተተከለ ለፋሲካ ይደርሳል። ከገና በፊት ስምንት ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ መቆየት ስላለበት ኅዳር መጀመሪያ ላይ ታስገቡታላችሁ። አየሩ ቀዝቀዝ ካለ በጥቂት ቀን ይዘገያል፣ ሞቅ ካለም ይቀድማል። ቅር እንዳይላችሁ ሁለቱን ሦስቱን በሳምንት ልዩነት ትከሉ።

ፍሪጅ ውስጥ ሲገባ ደረቅ መሆን የለበትም። በትንሹ እርጥብ በሆነ ሰጋቱራ ሸፍናችሁ፣ የተበሳ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ፣ ከታች የአትክልት መሳቢያው ላይ አስቀምጡት። ፍሪዘር ውስጥ እንዳታስገቡት። ሙዝ፣ ማንጎ፣ አቮካዶና ፖም ካለበት ደግሞ አውጡ። ፍራፍሬ ሲበስል የሚያወጣው ጋዝ በውስጡ ያለውን እምቡጥ ያበላሸዋል።

ፎርሞሳነም የሚባል የፋሲካ ሊሊ የቅርብ ዘመድ አለ። እሱ ከዘር ይበቅላል። ከተዘራ በአንድ ዓመት ገደማ ማበብ ይጀምራል፤ ፍሪጅም አያስፈልገውም። ትዕግሥት ያለው፣ ገንዘብ ማውጣት የማይፈልግ ሰው ዘሩን ካገኘ ለሐረር ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ኤስያቲክ ከሁሉም ርካሽና ቀለሙ ብዙ ነው። ሽታ የለውም። ለዓይነቱ ጠንካራ ነው፤ ኖራንም ከኦሪየንታል በተሻለ ይችላል። ግን በየዓመቱ ነቅሎ ፍሪጅ ማስገባት ሥራ ነው። ካልተቻላችሁ ለአንድ ወቅት ብቻ እንደሚገዛ አበባ ቁጠሩት። ኤልኤ የሚባለው ድቅል የኤስያቲክና የፋሲካ ሊሊ ልጅ ነው። አበባው ከኤስያቲክ ይተልቃል፣ ትንሽም ይሸታል። በሁለቱ መካከል ለሚያመነታ ጥሩ ነው። ኦሪየንታል የግድ ካላችሁ ሐረር ላይ በሳክሲያ፣ በዝናብ ውሃ፣ ከፋሲካ ሊሊ ረዘም ባለ የፍሪጅ ቆይታ ይሞከራል። ለሚወድ ሰው ልፋቱ ያስደስታል። ለጀማሪ አልመክረውም።

ካላ እና አጋፓንተስ

ሐረር ላይ ነጩ ካላ ቤቱ ነው። ከደቡብ አፍሪካ ረግረግ የመጣ ስለሆነ ሌላው ሊሊ የሚበሰብስበት እርጥብ ጥግ ለእሱ ይስማማዋል። ግቢያችሁ ውስጥ ቧንቧ አጠገብ ሁሌም ጭቃ የሆነች ቦታ አለች? እዚያ ትከሉት። የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል። ቆርጣችሁ ውሃ ውስጥ ስታስቀምጡት ከሳምንት በላይ ይቆያል። ጀጎል ውስጥ ያለ ግቢ በግንብ የታጠረ፣ ፀሐይ ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚያገኝ ስለሆነ ካላ በሳክሲያ በደንብ ያድርበታል።

ባለቀለሙ ካላ፣ ቢጫውና ሐምራዊው፣ ከነጩ ይለያል። እሱ ጭቃ አይወድም። አብቦ ሲጨርስ ቅጠሉን ጥሎ በደረቅ አፈር መተኛት ይፈልጋል። ሰው ሁለቱን እኩል ሲያጠጣ ባለቀለሙ ነው የሚበሰብሰው።

ድሬ ላይ ካላ? ጥቅጥቅ ያለ ጥላና የማይቋረጥ ውሃ ካላችሁ ይኖራል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ግን ለካላ ጀሪካን መሸከም ይከብዳል። አማሪሊሱ ይበቃል።

አጋፓንተስ ሐረር ላይ አያስቸግርም። ሰማያዊ ወይም ነጭ ነው። አንዴ ከያዘ ድርቁንም ዝናቡንም ይችላል። ለአጥር ሥር ተራ ከፈለጋችሁ እሱን ደርድሩ።

ከመግዛታችሁ በፊት ቤታችሁ ውስጥ ማን እንዳለ እዩ

ይህን ክፍል እባካችሁ አትዝለሉት። ቤታችሁ ድመት ካለ እውነተኛውን ሊሊም ዴይሊሊንም አትትከሉ። ድመት ቅጠሉን ብትቀምስ፣ ፀጉሯ ላይ የረገፈውን ቢጫ ዱቄት ብትልስ፣ የአበባ ማስቀመጫውን ውሃ ብትጠጣ እንኳ ኩላሊቷ ሊቆም ይችላል። አማሪሊስና ክራይነምም ኮረታቸው መርዝ አለው፣ ያስመልሳል፣ ግን ለድመት እንደ እውነተኛው ሊሊ ገዳይ አይደሉም። ካላ አፍ ያቃጥላል። ለልጆች አፍ ማንኛቸውም አይሆኑም።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግሎሪዮሳ ነው። እሳት የመሰለ ቀይና ቢጫ አበባ ያለው፣ በቅጠሉ ጫፍ እየተጠመጠመ አጥር ላይ የሚወጣ ሐረግ ነው። አገር በቀላችን ነው። በደረቁ ወራት ይጠፋል፣ ዝናብ ሲጥል ይመለሳል። ለአየራችን እንደሱ የሚስማማ የለም ብል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ከአበባ እስከ ሥሩ ኮልቺሲን የሚባል መርዝ አለው። ከአፈር ሥር ያለው ክፍሉ ስኳር ድንች ወይም ቦይና ሊመስል ይችላል፤ የበላ ሰው ሊሞት ይችላል። ትንንሽ ልጆች ወይም ፍየል ባለበት ግቢ አትትከሉት። ሌላ አገር በቀል የምትፈልጉ ከሆነ ስካዶክሰስ አለ። በአንድ አገዳ ላይ ድቡልቡል ቀይ ኳስ ሆኖ ያብባል። ጥላ ይወዳል። መርዝ አለው፣ ግን የግሎሪዮሳን ያህል አይደለም። ሁለቱንም ከሜዳ ነቅላችሁ አታምጡ። ከሚያባዛ ሰው ግዙ።

ጥልቀቱና አፈሩ

እውነተኛውን ሊሊ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር አፈር ታለብሱታላችሁ። ምክንያቱም ከኮረቱ በታች ብቻ ሳይሆን ከበላዩ ካለው ግንድም ሥር ያወጣል። አፈሩ ካነሰ ያ የላይኛው ሥር አይወጣም፤ ግንዱም ነፋስ ሲመጣ ይወድቃል። ክራይነም አንገቱ ከአፈር በላይ ይሁን። ዴይሊሊ ቅጠሉ የሚነሳበት ቦታ ከሁለት ከሦስት ሳንቲሜትር በላይ አይቀበር። የዝናብ ሊሊ አምስት ሳንቲሜትር ይበቃታል። ካላ ትንሽ ጠለቅ ይበል።

አፈሩ ውሃ የሚያቁር መሆኑን ለማወቅ 30 ሳንቲሜትር ቆፍሩና ውሃ ሙሉበት። ሲሰርግ እንደገና ሙሉት። ሁለተኛው ከሦስት አራት ሰዓት በኋላም ካልሰረገ መደቡን ከፍ አድርጉ ወይም ሳክሲያ ተጠቀሙ። ለሸክላማ አፈር አሸዋና የበሰበሰ ፍግ ጨምሩ። ለአሸዋማ አፈር ፍጉ ብቻ ይበቃል፤ ውሃ ይዞ እንዲቆይ ያደርገዋል። ፍጉ ግን በደንብ የበሰበሰ ይሁን። ትኩሱ ኮረቱን ያቃጥለዋል። የአጥንት ዱቄት ጨምሩ የሚል ምክር ብታገኙ እለፉት። ሽታው ውሻ ይጠራል፤ ውሻውም ኮረቱን ቆፍሮ ያወጣዋል። ሐረር ዳር ላይ ደግሞ ማታ ጅቡም አለ።

ከላይ ጉዝጓዝ አልብሱት። የባቢሌ ለውዝ ቅርፊት በቀላሉ ስለሚገኝ ለዚህ ይመቻል። አፈሩን ያቀዘቅዛል፣ እርጥበቱን ይይዛል። ምስጥ ባለበት ግቢ ግን ከአንገቱ አንድ መዳፍ ያህል አርቁት።

ድሬ ላይ ጥቁር ፕላስቲክ ሳክሲያ ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ። ጎኑን ስትነኩት እጃችሁን የሚፈጅ ከሆነ ውስጡ ያለው ሥር እየተቀቀለ ነው። ነጭ ቀለም ቀቡት፣ ወይም ሌላ ሰፊ ሳክሲያ ውስጥ ክተቱት። ውሃውን በማለዳ ሥሩ ላይ አፍሱ፤ ቅጠሉን አታርጥቡ። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገብታችሁ እርጥብ ከሆነ ተዉት።

የሚያጠቁት

ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ አዲስ ቅጠልና እምቡጥ ላይ ይሰፍራል። ቫይረስ ያስተላልፋል። በሳሙና ውሃ እጠቡት። ቅጠሉ ዥጉርጉርና የተጠማዘዘ ከሆነ ግን ቫይረሱ ገብቷል፤ ነቅሎ መጣል ነው። በአማሪሊስና በክራይነም ላይ ጥቁርና ቢጫ ቀለበት ያለበት ትል ይመጣል። ማታ በባትሪ ፈልጋችሁ ልቀሙት። ዝም ካላችሁት ቅጠሉን በልቶ ወደ ኮረቱ ይወርዳል። ሐረር ላይ በክረምት ቀንድ አውጣ ካላውን ይበሳዋል። ከከተማው ወጣ ያለ ግቢ ያላችሁ ደግሞ ጃርትን አስቡ። ኮረት ቆፍሮ ይበላል። መደቡ ላይ የዶሮ ሽቦ አንጥፉበት፤ ተክሉ በቀዳዳው ይወጣል።

ኮረት ስትገዙ

እጃችሁ ላይ ከበድ ያለና ጠንካራ ይሁን። ስትጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ አትግዙ። እውነተኛ ሊሊ ከሥሩ ያለው ጭራ ያልደረቀ ቢሆን ይመረጣል፤ አማሪሊስ ግን ደረቅ ቢሆንም ይነሳል። «ብርድ አግኝቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ የማያውቅ ከሆነ አላገኘም ብላችሁ ቁጠሩና ፍሪጅ አስገቡት። ካገኘ ደግሞ ቤት አታቆዩት፣ በዚያው ሳምንት ትከሉት። አበባ ቤት በዘለላ የሚሸጠው ግንድ ኮረት ስለሌለው ቢተከል አይበቅልም።

ሲያብብ ለማስቀመጫ ከቆረጣችሁ ከእውነተኛው ሊሊ ግንድ ከሲሶ በላይ አትውሰዱ። ቀሪው ቅጠል ነው ለሚቀጥለው ዓመት ኮረቱን የሚቀልበው። አበባው ሲረግፍ ጫፉን ብቻ ቁረጡ፤ ቅጠሉ በራሱ ቢጫ እስኪሆን ጠብቁ። አማሪሊስ በጎኑ ልጆች ይወልዳል። ከእናቱ ላይ በቀላሉ የሚላቀቁና የራሳቸው ሥር ያላቸው ሲሆኑ ለይታችሁ ሌላ ሳክሲያ ውስጥ ትከሏቸው። ለማበብ ሁለት ሦስት ዓመት ይወስድባቸዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዕረፍት አያስፈልጋቸውም። ዓመቱን ሙሉ እያጠጣችሁ አወፍሯቸው።